ያለ ስፌት የሚተከል የልብ ቫልቭ እንዴት ይነደፋል?

የተለመደው ሰው ሠራሽ የልብ ቫልቭ ዙሪያውን በጨርቅ የተሸፈነ ቀለበት አለው። ቀዶ ሐኪሙ ይህን ቀለበት ከ12 እስከ 15 በሚሆኑ ስፌቶች ከልብ ጋር ያያይዘዋል፤ እያንዳንዱም ስፌት ደጋግሞ ይቋጠራል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ልብ ቆሞ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ (አኦርታ) በመቆንጠጫ ተዘግቶ፣ ደሙን ማሽን እያዘዋወረው ነው። ስፌቱን ለማስቀረት የሚደከመው ይህን ሰዓት ለማሳጠር ነው። ዕድሜው ለገፋ ወይም በዚያው ሰዓት ሌላ ቀዶ ጥገና ለሚደረግለት ታካሚ የደቂቃዎቹ ዋጋ ትልቅ ነው። ደረትን በጠባቡ ከፍቶ ለሚሠራ ሐኪምም መርፌ የሚያዞርበት ቦታ የማጣት ጭንቀት ይቀልለታል።

ንድፍ ከመጀመሩ በፊት ግን ስፌቱ ምን ይሠራ እንደነበር ለይቶ መጻፍ ያስፈልጋል። ሥራው ሦስት ነው። ቫልቩ በደም ግፊት ተነቅሎ እንዳይሄድ ይይዛል፤ በቫልቩና በልብ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ይደፍናል፤ ቫልቩ በምን ከፍታና በምን አቅጣጫ እንደሚቀመጥ ይወስናል። ክሩ ሲወጣ ሦስቱም ሥራዎች ባለቤት ይፈልጋሉ። ብዙ ንድፍ የሚበላሸው ሦስቱንም በአንድ መፍትሔ፣ ማለትም ፍሬሙ (ቫልቩን የሚሸከመው የብረት አጽም) ወደ ውጭ በሚገፋበት ኃይል ብቻ ለመሸፈን ሲሞከር ነው። ኃይሉ ሲጨመር መያዙ ይሻሻላል፤ በዚያው ልክ ግን የልብ የኤሌክትሪክ መስመር ይጨፈለቃል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ሥራ የራሱን አካል መድቡ፤ ግፊቱንም ለሥራው ከሚበቃው በላይ አታድርጉ።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ማገቨርን እና ክሮሚ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የሠሩት ቫልቭ በክር ፈንታ ከቀለበቱ ወጥተው ሥጋ ውስጥ በሚገቡ ትናንሽ መንጠቆዎች ይያዝ ነበር። በኋላ ከመጡት ቫልቮች መካከል ፐርሲቫል ኒቲኖል በተባለ፣ ወደ ቅርጹ በሚመለስ ብረት በተሠራ ፍሬም ራሱን ይከፍታል፤ ኢንቱይቲ ደግሞ በፊኛ የሚሰፋ የማይዝግ ብረት ቀሚስ አለው፤ የሚጠቀመውም ሦስት ክር ብቻ ነው። አላን ክሪቢዬ እ.ኤ.አ. በ2002 በፈረንሳይ ሩዋን ከተማ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ በካቴተር (በደም ቧንቧ ውስጥ በሚገባ ቀጭን ቱቦ) የተከለው የአኦርታ ቫልቭ የሌላው ቤተሰብ መነሻ ነው። እዚህ የምንይዘው ደረት ተከፍቶ፣ የታመመው ቫልቭ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ የሚቀመጠውን የአኦርታ ቫልቭ ነው። ለካቴተሩ ልዩነት ያለባቸውን ቦታዎች እግረ መንገዳችንን እናነሳለን።

መቀመጫውን መለካት

የቫልቭ ቀለበት የምንለው ቦታ በእርግጥ ክብ ቀለበት አይደለም። ሦስቱ የተፈጥሮ ክንፎች (ቫልቩን የሚከፍቱትና የሚዘጉት ስስ ክፍሎች) ከግድግዳው ጋር የሚያያዙበት መስመር እንደ ዘውድ ከፍ ዝቅ ይላል። የምንለካው የሦስቱን ዝቅተኛ ነጥቦች የሚያገናኘውን ምናባዊ መስመር ሲሆን፣ እሱም በአብዛኛው ሰው ሞላላ ነው። ከሲቲ ምስል ላይ ረጅሙንና አጭሩን ዲያሜትር፣ ዙሪያውንና ስፋቱን ውሰዱ። ራሱን ለሚከፍት ፍሬም ከዙሪያው የተሰላ ዲያሜትር ይሻላል፤ ፍሬሙ ሞላላ ሲሆን ቅርጹ ይለወጣል እንጂ ዙሪያው ብዙም አይለወጥም።

ከዚያ ወደ ላይ ሂዱ። ከረጢት መሰሎቹ የአኦርታ ኪሶች አብቅተው ቱቦው የሚጀምርበትን ቦታ ለኩ። ፍሬማችሁ ላይኛው ቀለበት እዚያ የሚያርፍ ከሆነ፣ ይህ ዲያሜትር ከታችኛው መቀመጫ ከ1.3 እጥፍ በላይ ሲሆን ቀለበቱ ግድግዳ አይነካም፤ ቫልቩም ያዘነብላል። የልብን ሥጋ የሚመግቡት ሁለቱ ኮሮናሪ ቧንቧዎች የሚነሱበትን ከፍታም መዝግቡ፤ በዚያ ከፍታ ላይ ያለው የፍሬም ክፍል ክፍት መስኮት እንጂ ጨርቅ መሆን የለበትም።

አንድ ቦታ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በቀኙ ክንፍና ኮሮናሪ በሌለው ክንፍ መገናኛ ሥር ስስ ሽፋን አለ፤ ከእሱ በታች የልብን የኤሌክትሪክ ምልክት ወደ ታችኛው ክፍል የሚያወርደው የሂስ ጥቅል ያልፋል። ፍሬሙ ወደዚህ ዝቅ ብሎ ከገፋ ምልክቱ ይቋረጣል፤ ታካሚው ቋሚ ፔስሜከር (የልብን ምት የሚያስጠብቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ሊያስፈልገው ይችላል።

የሚይዘው ኃይል ስንት ነው?

ልብ በሚያርፍበት ጊዜ ቫልቩ ዝግ ነው፤ ከላይ የአኦርታ ግፊት አለ፣ ከታች ግን ግፊቱ ወደ ዜሮ ይጠጋል። የ23 ሚሊ ሜትር ቫልቭ ስፋት 4.15 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው። በ100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ልዩነት ቫልቩን ወደ ታች የሚገፋው ኃይል 5.5 ኒውተን ይሆናል፤ ግፊቱ ወደ 150 ሲወጣ 8.3 ኒውተን። ይህ በዓመት ወደ 40 ሚሊዮን ጊዜ ይደጋገማል። መያዣው ሰበቃ ብቻ ቢሆንና የሰበቃውን መጠን ለምሳሌ 0.3 ብንወስድ፣ ፍሬሙ ዙሪያውን በድምሩ 28 ኒውተን መግፋት አለበት፤ ይህም ያለ ምንም የደኅንነት ትርፍ ነው።

አሁን አቅጣጫውን ተመልከቱ። ልብ ሲገፋ በቫልቩ በኩል ያለው ልዩነት 10 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ አካባቢ ነው፤ ወደ ላይ የሚገፋው ኃይል ከ0.6 ኒውተን አይበልጥም። ትልቁ ጭነት ሁልጊዜ ወደ ታች፣ ወደ ልብ ውስጥ ነው። ስለዚህ ዋናው ማገጃ ከመቀመጫው በላይ መሆን አለበት፤ የፍሬሙ ጎኖች በኪሶቹ ውስጥ ጎበጥ ብለው የኪሶቹ ወለል ላይ ይረፉ። የታችኛው ጠርዝ ጥቂት ብቻ ቢዘረጋ ይበቃዋል። ፍሬሙ በመካከሉ ወገብ ይኖረዋል፣ መቀመጫው ወገቡ ላይ ይገባል። ይህ ቅርጽ ጭነቱን ከሰበቃ ወደ መደገፍ ያሸጋግረዋል፤ የሂስ ጥቅል ያለበትን ዝቅተኛ ቦታም ከግፊት ያሳርፋል። በእኛ ግምት በንድፉ ሁሉ ውስጥ ትልቁን ትርፍ የሚሰጠው ውሳኔ ይህ ነው።

ፍሬሙ

ራሱን ለሚከፍት ቫልቭ የሚመረጠው ኒቲኖል ነው፤ በክብደት 55 በመቶ ገደማ ኒኬል፣ የቀረው ቲታኒየም። አሠራሩ እንዲህ ነው፦

1. ቀጭን ቱቦ በሌዘር ይቆረጣል።
2. የተቆረጠው ቱቦ በየደረጃው እየተለቁ በሚሄዱ የብረት ቅርጾች ላይ ይሰፋል። በእያንዳንዱ ደረጃ ከ500 እስከ 550 ዲግሪ ሴልሺየስ ለጥቂት ደቂቃ ይሞቅና ውኃ ውስጥ ይነከራል። በአንድ ጊዜ እስከ መጨረሻው ማስፋት የማዕዘኖቹን ውስጠኛ ጎን ይሰነጥቃል።
3. በሌዘር የተቃጠለው ንብርብር በኬሚካልና በኤሌክትሮፖሊሽ (በኤሌክትሪክ ማለስለስ) ይነሳል። ይህ ከየጎኑ ውፍረት ስለሚቀንስ መጀመሪያ ሲሣል ታስቦ መጨመር አለበት። በደንብ ያልተለሰለሰ ገጽ ኒኬል ይለቃል፤ ስብራትም ከዚያው ይጀምራል።
4. ፍሬሙ ሙሉ በሙሉ ወደ ቅርጹ የሚመለስበት የሙቀት መጠን ይለካል።

አራተኛው እርምጃ ብዙ ጊዜ ይናቃል። በቀዶ ጥገናው ወቅት ልብ በቀዝቃዛ ፈሳሽ እንዲቆም ስለሚደረግ መቀመጫው 37 ዲግሪ አይሆንም። የመመለሻው ሙቀት ለ37 ከተጠጋ ፍሬሙ እዚያ ሲደርስ ለስላሳ ይሆናል፣ ሙሉ በሙሉም አይከፈትም። መጠኑን ከሰውነት ሙቀት በደንብ ዝቅ አድርጉ፤ በተጨማሪም ቫልቩ ከተቀመጠ በኋላ በ37 ዲግሪ የጨው ውኃ እንዲሞቅ በአጠቃቀም መመሪያው ውስጥ አስገቡ።

በኮምፒውተር የፋይናይት ኤለመንት ስሌት (ፍሬሙን በትናንሽ ክፍሎች ከፋፍሎ በሚያሰላ ዘዴ) ሁለት ቁጥር ፈልጉ። ፍሬሙ ሲታጠፍ በማዕዘኖቹ ላይ ያለው ከፍተኛ መለጠጥ ከ6 እስከ 8 በመቶ ባለው ክልል ውስጥ ይቆይ። በየምቱ የሚለዋወጠው መለጠጥ ደግሞ በግማሽ ስፋቱ ከ0.4 በመቶ በደንብ ያነሰ ይሁን። ሁለተኛው ካለፈ ክንዱን ማወፈር የሚቀናቸው አሉ፤ የወፈረ ክንድ ሲታጠፍ ግን ይበልጥ ይለጠጣል። የሚረዳው የማዕዘኑን ክብነት ማስፋት ወይም ክንዱን ማርዘም ነው።

በፊኛ ለሚሰፋ ብረት ወይም ኮባልት ክሮም የመመለሻ ሙቀት ጉዳይ የለም። ይልቁንም ፊኛው ሲረግብ ፍሬሙ ትንሽ ስለሚሰበሰብ ያንን መጠን ለክቶ በፊኛው ዲያሜትር ላይ መጨመር ያስፈልጋል።

መድፈን

ትንሽ ቀዳዳ ምን ያህል እንደሚያፈስ ማስላት ተገቢ ነው። በ80 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ልዩነት ደም በሰከንድ 4.5 ሜትር ገደማ ይፈስሳል። ክፍተቱ 5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን፣ የፍሰቱን መጥበብ 0.6 ወስደን፣ በ0.55 ሰከንድ ማረፊያ ጊዜ ወደ 7 ሚሊ ሊትር ይመለሳል። በአንድ ምት 70 ሚሊ ሊትር ለሚገፋ ልብ ይህ አንድ አሥረኛ ነው። በዓይን ተራ የሚመስል ክፍተት እንዲህ ያደርጋል።

ስለዚህ መድፈኛው ከፍሬሙ ግፊት ነጻ ሆኖ ራሱን ከግድግዳው ጋር የሚያስማማ ለስላሳ አካል ይሁን፤ በወገቡ ላይ የሚጠመጠም የሹራብ አሠራር ያለው ፖሊስተር ወይም የፔሪካርዲየም (ልብን የሚሸፍነው ከረጢት) ቀሚስ። ሹራቡ ይለጠጣል፣ ወደ ጎድጓዳ ቦታም ይገባል፤ ጠንካራው ሽምን ጨርቅ ግን ከጉብታ ወደ ጉብታ እንደ ድልድይ ይዘረጋል፣ ሥሩም ክፍት ይቀራል። መቀመጫው ላይ የቀረ የካልሲየም ጉብታ የጎን ፍሳሽ ዋና ምክንያት ስለሆነ ሐኪሙ አጽድቶ ማንሳት አለበት። ከመጠን በላይ ከተፋቀ ደግሞ ጉድጓድ ይተዋል፤ ያኔ በስፌት መጠገን ግድ ይሆናል። በካቴተር የሚገባው ቫልቭ የታመመው ቫልቭ ሳይወጣ ስለሚቀመጥ ካልሲየሙ ለመያዝ ያግዘዋል፣ ለመድፈን ግን ያስቸግረዋል፤ መድፈኛው በውጭ በኩል ወፈር የሚለውም ለዚህ ነው።

ቦታውን መያዝ

ሐኪሙ ቫልቩን በትክክለኛው ከፍታ እንዲያወርደው ሦስት ጊዜያዊ መምሪያ ክሮች በሦስቱ ዝቅተኛ ነጥቦች ያልፋሉ፣ በፍሬሙ የታችኛው ጠርዝ ላይ ባሉ ሦስት ቀለበቶች ውስጥ ይገባሉ፣ ቫልቩ ከተከፈተ በኋላም ተስበው ይወጣሉ። ሦስቱ ክሮች እኩል ጥልቀት ላይ ካልተወጉ ቫልቩ ያዘነብላል፤ ያዘነበለ ቫልቭ በአንድ ጎን ያፈስሳል፣ በሌላው ጎን የሂስ ጥቅልን ይጫናል። ክሩ ሳይሰናከል እንዲወጣ የቀለበቶቹ ውስጠኛ ጠርዝ ክብና ልሙጥ ይሁን። በፍሬሙ ላይ ክንፎቹ የሚገናኙባቸውን ሦስት ዓምዶች የሚያሳይ ባለ ቀለም ምልክት አድርጉ፤ ምልክቶቹ ከተፈጥሮዎቹ መገናኛዎች ጋር ሲገጥሙ ኮሮናሪዎቹ ክፍት ይሆናሉ።

የመለኪያ መሣሪያው የቫልቩ አካል ነው ብላችሁ ንደፉት። ለእያንዳንዱ የቫልቭ ቁጥር (መጠን) ሁለት ጫፍ ያለው መለኪያ ይሠራ፦ አንዱ ጫፍ በመቀመጫው ማለፍ አለበት፣ ሌላው ማለፍ የለበትም። ሐኪም ጥርጣሬ ውስጥ ሲገባ ትልቁን የመምረጥ ዝንባሌ አለው፤ በሚሰፋ ቫልቭ ይህ ጎጂ ነው። ምክንያቱ ቀጥሎ ይታያል።

ክንፎቹ

ዲያሜትሩን ዲ ብንለው፣ ቫልቩ ሲዘጋ የአንዱ ክንፍ ነጻ ጠርዝ ከአንዱ ዓምድ ወደ መሐል፣ ከመሐል ወደ ሌላው ዓምድ ይሄዳል፤ ርዝመቱ አንድ ዲ ነው። ሙሉ በሙሉ ሲከፈት የክቡን አንድ ሦስተኛ ይሸፍናል፤ ያም 1.047 ዲ ነው። ጠርዙ ከዚህ ካጠረ ክንፉ እስከ ግድግዳው አይከፈትም፤ በጣም ከረዘመ ሲዘጋ ይጠማዘዛል፣ እጥፋቱም በየምቱ ያንኑ ቦታ ይፈትጋል። እንግዲህ ለ25 ሚሊ ሜትር የተሠራ ቫልቭ ጠርዙ 26.2 ሚሊ ሜትር ነው እንበል። 22 ሚሊ ሜትር መቀመጫ ውስጥ ቢገባ የሚያስፈልገው 23 ብቻ ነው። 3.2 ሚሊ ሜትር ትርፍ ይቀራል፤ ያ ትርፍ መጠማዘዝ፣ ከፍ ያለ የግፊት ልዩነትና የአጭር ዕድሜ ምክንያት ይሆናል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ቁጥር የሚፈቀደውን የመቀመጫ ክልል የሚወስነው ከፍሬሙ ይልቅ ክንፉ ነው። ክልሉን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ አጥብቡና የቁጥሮቹን ብዛት ጨምሩ።

ሕብረ ሕዋሱ አብዛኛውን ጊዜ የበሬ ፔሪካርዲየም ነው። ስብና ትርፍ ሥጋ ተነስቶ ይታጠባል፣ ሳይለጠጥ በጠፍጣፋ ሰሌዳ ላይ ተዘርግቶ 0.6 በመቶ ገደማ በሆነ፣ ፒኤች 7.4 ባለው የግሉታራልዲሃይድ ውሕድ ይታከማል። ግሉታራልዲሃይድ ዓይንና ሳንባ ይጎዳል፤ በአየር ማስወገጃ ሥርና በጓንት ብቻ ሥሩ። የመታከሙ ማረጋገጫ የመኮማተሪያ ሙቀቱ ነው፤ በደንብ የታከመ ቁራጭ ከ80 ዲግሪ በላይ ይጸናል፣ ያልታከመ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይኮማተራል።

ግሉታራልዲሃይድ ሕብረ ሕዋሱን ያጠነክራል፣ ሰውነትም እንዳይዋጋው ያደርጋል፤ ሳይያያዙ የቀሩት አልዲሃይዶችና የሕዋስ ስቦች ግን ካልሲየም ይስባሉ። በኢታኖል ወይም በሳሙና መሰል ኬሚካል ስቡን ማውጣትና የቀሩትን አልዲሃይዶች መዝጋት የቫልቩን ዕድሜ ይወስናል።

ከዚያ እያንዳንዱን ቁራጭ በነጥብ በነጥብ ለኩ። ለዚህ ዓይነት ቫልቭ ከ0.25 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሠራል፤ ከስፋቱ ይልቅ የሚያሳስበው የሦስቱ ክንፎች መመሳሰል ነው። በአንድ ቫልቭ ውስጥ ልዩነቱ ከ0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ አንዱ ክንፍ ዘግይቶ ይከፈታል። የኮላጅን ክሮቹ ከዓምድ ወደ ዓምድ እንዲሄዱ አድርጋችሁ ቁረጡ።

ክንፎቹን ከፍሬሙ ጋር ማያያዝ አሁንም በእጅ፣ በማይክሮስኮፕ ሥር፣ በመርፌና በክር ይሠራል፤ የሚቀረው በታካሚው ልብ ውስጥ ያለው ስፌት ብቻ ነው። እያንዳንዱ የመርፌ ቀዳዳ የጭነት ማጎሪያ ስለሆነ በሚታጠፈው የክንፉ ክፍል ላይ አንድም አይኑር። ዓምዶቹ አጠገብ ክንፉን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ስፉት፤ መታጠፊያው ከስፌቱ መስመር ይራቅ። የዮኔስኩ-ሻይሊ ቫልቭ በዓምዶቹ አጠገብ በመቀደድ የታወቀ ነው፤ ጭነቱን የሚያጎረው ማያያዣ ስፌትና ከጨርቁ ጋር ያለው ፍትጊያ ይህን አመጡ።

በሚታጠፍበት ጊዜ ያለውን ስፋትም አስሉ። የ23 ሚሊ ሜትር ቫልቭ ዙሪያ 72 ሚሊ ሜትር ነው። ክንፍ በ0.3 ውፍረት 21.7 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ቀሚስ በ0.1 ውፍረት 7.2፣ 0.4 በ0.3 የሆኑ 24 ክንዶች 2.9፤ ድምሩ 31.8 ነው። አንድም ክፍተት ሳይኖር ቢታጨቅ እንኳ 6.4 ሚሊ ሜትር ዲያሜትር ይወስዳል። ደረት ተከፍቶ ለሚገባ ቫልቭ ይህ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም ከሚያስፈልገው በላይ አትጨቁት፣ ኮላጅኑ ይጎዳል። በካቴተር 6 ሚሊ ሜትር ባለው ባለ 18 ፍሬንች ቱቦ ለማስገባት ግን ክንፉንና ቀሚሱን በአንድ ከፍታ አለመደራረብ፣ ወይም ወደ 0.2 ሚሊ ሜትር የሚወርድ የአሳማ ፔሪካርዲየም መጠቀም ያስፈልጋል።

ፈተናው

መመዘኛው አይሶ 5840 የተባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ነው፤ ክፍል 2 በቀዶ ጥገና፣ ክፍል 3 በካቴተር ለሚተከሉት። የልብ ምት አስመሳይ መሣሪያው በ37 ዲግሪ የጨው ውኃ፣ በደቂቃ 70 ምትና 5 ሊትር፣ በአማካይ 100 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ይሠራል። ውጤታማው መክፈቻ ስፋት የሚሰላው የፍሰቱን አማካይ ስኩዌር ሥር፣ በሰከንድ በሚሊ ሊትር፣ ለ51.6 እና ለአማካይ የግፊት ልዩነት ስኩዌር ሥር ብዜት በማካፈል ነው። ፍሰቱ 264፣ ልዩነቱ 10 ሲሆን 1.6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለ23 ሚሊ ሜትር የአኦርታ ቫልቭ ዝቅተኛው 1.25 ነው።

ፍሳሽን ሁለት ጊዜ ለኩ፦ መጀመሪያ እንደተቀመጠ፣ ከዚያ ዙሪያውን በሲሊኮን ደፍናችሁ። የሁለቱ ልዩነት የጎን ፍሳሽ ነው። ያለዚህ ጥፋቱ የክንፉ ይሁን የመድፈኛው አይለይም። ደም በጨርቅ ቀዳዳዎች ውስጥ ይረጋል፣ የጨው ውኃ ግን አይረጋም፤ ስለዚህ በጨርቁ ውስጥ የሚያልፈውንም ለይታችሁ መዝግቡ። መያዣ ቀለበቶቹን ክብ ብቻ አታድርጉ፤ ሞላላ፣ ጉብታ ያለበት፣ በተፈቀደው ክልል ትንሹና ትልቁ ሁሉ ይፈተኑ። በትንሹ ውስጥ ፍሬሙ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ እንደሆነ በኤክስሬይ እዩ።

የክንፍ ድካም ቢያንስ 200 ሚሊዮን ዙር ነው፤ በሰከንድ 15 ዙር 154 ቀን ያህል ይፈጃል። በፍጥነቱ ምክንያት ቫልቩ በትክክል ሳይዘጋ እንዳይቆጠር፣ የተወሰነው የመዝጊያ ግፊት ከዙሮቹ 95 በመቶ በሚሆኑት፣ በእያንዳንዱም ቢያንስ ለ5 በመቶው ጊዜ መጠበቁን አረጋግጡ። ፍሬሙ ለብቻው እስከ 600 ሚሊዮን፣ ማለትም የ15 ዓመት ምት ያህል ይደከማል።

የበግ ሙከራ የካልሲየም ክምችትንና የደም መርጋትን ያሳያል። የበግ መቀመጫ ግን ጤነኛ፣ ለስላሳና ክብ ነው፤ መያዙንና መድፈኑን በእሱ አትመዝኑ። ለዚያ የተሻለው የመንቀል ፈተና ነው፦ ቫልቩን ወደ ታች በቀስታ እየሳባችሁ ከ8.3 ኒውተን ቢያንስ በእጥፍ እስኪጸና ድረስ። ይህ ሁሉ ሳይጠናቀቅና የሥነ ምግባር ኮሚቴና የተቆጣጣሪው አካል ፈቃድ ሳይገኝ ወደ ሰው አይኬድም።

አንድ ነገር ከመጀመሪያው ሥዕል ላይ ይግባ። የፔሪካርዲየም ክንፍ ከዓመታት በኋላ ያረጃል፤ ታካሚው ምናልባት በዚህ ቫልቭ ውስጥ በካቴተር ሌላ ቫልቭ ይገባለታል። የታችኛውን ጠርዝና የሦስቱን ዓምዶች ጫፍ በኤክስሬይ በሚታይ የታንታለም ወይም የወርቅ ምልክት አድርጉ፤ የቫልቩ መታወቂያ ወረቀት ላይም ከስም ቁጥሩ ጎን የፍሬሙን እውነተኛ የውስጥ ዲያሜትር በሚሊ ሜትር አትሙ።